ድንጋዩ ሰው ይፈልጋል

ማዳም ዜሊ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ጭሱን ነበር። ከምትኖርበት ከጀርሲ ደሴት ማዶ፣ ባሕሩ ሲሞላ ከጥቂት ጎጆዎች በቀር ምንም በማይተርፍለት የድንጋይ ክምር ላይ፣ አንድ ልጇ ክሌማን ከመኸር ጀምሮ ብቻውን ይኖራል። ፈረንሳዮች ድንጋዩ የኛ ነው ካሉ ወዲህ ክርክሩ ሩቅ አገር ያሉ ዳኞች ፊት ቀርቧል። የሰበካው ሹም ሙሴ ቪቤር ልጁን የወሰደው ደጇ ድረስ መጥቶ ነው።

«ጭስ የሚወጣበት ቤት ባለቤት አለው» አላት። «እስኪፈረድ ድረስ ሰው ይኑርበት።»

ወደቡ ላይ ግን ዓሣ አጥማጆቹ ሲቀልዱ ሰምታለች። «ድንጋዩ ሰው ይፈልጋል። በሕይወት ያለ ቢገኝ ጥሩ፤ ካልተገኘም ሬሳ ይበቃዋል።»

ማዕበሉ ሁለት ቀን ሙሉ ሲንጥ ሰነበተ። ጭሱም ጠፋ። ባሕሩ ጋብ ሲል የሟች ባሏ ወንድም ባርናቤ ጀልባውን ይዞ ሄደና በሸራ የተሸፈነ ሬሳ ጭኖ ተመለሰ።

ዜሊ ወደ ወደቡ ሮጠች። ከቆሙት መሃል ያዘነ ሰው አጣች።

«ፈረንሳዮቹን ቀደምናቸው» ይላል ሙሴ ቪቤር ፊቱ ፈክቶ። «አያቶቻችንም እዚያ ሞቶ የተገኘውን ሁሉ እዚህ አምጥተው አስመርምረው ነው የቀበሩት። ሟቹን የቀበረ አገሩን ይወርሳል።» ዞር ሲል አያትና ባርኔጣውን አወለቀ። «ማዳም ዜሊ፣ እግዜር ያጽናሽ።»

ዜሊ ሸራውን ገለጠች። ፊቱን ሸርጣን በልቶታል። የግራ እግሩን ቦት ጫማ ጎትታ አወለቀች። ክሌማን ከተወለደ ጀምሮ የግራ እግሩ ሁለት ጣቶች የተጣበቁ ናቸው፤ ሕፃን ሳለ ስታጥበው እየሳመች ታስቀው ነበር። የዚህኛው አምስቱም የተለያዩ ናቸው።

«የኔ አይደለም» አለች። እግሩን ግን ቀስ ብላ መልሳ ሸፈነችው። ይሄም የምትጠብቀው እናት አትጠፋም።

ሹሙ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ጣቱን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። የማይታወቅ ሰው ከሆነ ፈረንሳዮቹ መጥተው ይወስዱታል። ክሌማን ነው ካልሽ ግን ሬሳውም የኛ፣ ድንጋዩም የኛ።»

«ክሌማንስ?»

«ጎጆው ባዶ ነው አሉኝ።»

«ሞተ ካልኩዎት በኋላ ማን ይፈልገዋል?»

ዜሊ ወደ ባርናቤ ዞረች። «ዋርሳዬ፣ ውሃው ሳይሸሽ ውሰደኝ።»

ባርናቤ ሹሙን አየ፤ እሷን አየ። «ግቢ እንግዲህ። ቀሚስሽን ሰብስቢ ብቻ፤ ይቺ ጀልባ ለሠርግ አልተሠራችም።»

ክሌማንን ያገኙት ከጎጆው ራቅ ብሎ፣ የወፍ ኩስ በሸፈነው ጠባብ አለት ላይ ተኮራምቶ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«እማ፣ እሳቱ ጠፋብኝ» አለ ጥፋት እንደሠራ ልጅ። «ሰው ሲጣራ ሰምቼ በትንሿ ጀልባ ወጣሁ። አልደረስኩለትም። ጀልባዋንም ማዕበሉ ወሰደብኝ።»

ዜሊ በነጠላ ልብሷ እስክትቀር ካፖርቷን አውልቃ ጠቀለለችው። ስለ ሬሳው ትንፍሽ አላለችም።

ወደቡ ሲደርሱ አናጺው የሬሳ ሳጥኑን ጨርሶ ቆይቷቸዋል። ክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም ስም ተጽፏል። ቀድሞ ያነበበው ክሌማን ነው፤ የራሱ ስም ነበር።

ሙሴ ቪቤር አልደነገጠም። ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ሲያየው ቆየና «እንኳን ተረፈ» አለ። «ዳኞቹ እስኪፈርዱ ድረስ ግን ከቤት አታውጪው።»

ዜሊ ሽርጧን ጨብጣ ክዳኑን ደጋግማ ጠረገችው። ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበር ስሙ ተዝረከረከ፤ ገሚሱም ሽርጧ ላይ ቀረ።

«ግድ የለም» አለ ሹሙ አናጺውን። «መልሰን እንጽፈዋለን።»