ሦስቴ የተቀበረችው አማት

የቧንቧ ሠራተኛውን ሰፈሩ «በሬ ወለደ» ነው የሚለው። ከአንዲት ሴትዮ ማጠቢያ ሥር ወርቅ ጥርስ ያለው ዓሣ አወጣሁ ብሎ ግማሹን መንደር ባልዲ አሲዞ ካሰለፈ ወዲህ በሌላ ስም የጠራው የለም።

ያን ሰኞ ባንክ ቤት ከታላቅ እህቱ ጎን ተቀምጧል። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። አሥራ አንድ ዓመት የሰፋችበትን ክፍል ባለቤቱ ሊሸጠው ነው፤ «እስከ ዓርብ ላንቺ፣ ከዚያ ወዲያ ላገኘሁት» ብሏታል። ግማሹን ቆጥባለች፤ ለግማሹ ብድር ጠየቀች።

የብድር ሠራተኛዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ወረቀቱን አገላበጠች።

«እትዬ፣ ለሰው ዋስ ሆነው ያውቃሉ?»

«ለዚህ ነዋ!» እህቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ለቧንቧ መቁረጫው ማሽን። ከፍሎ ከጨረሰ እኮ አራት ዓመት ሆነው!»

«መጨረሱን ጨርሷል። ግን ሦስት ጊዜ ከወር በላይ አሳልፏል። በእኛ አሠራር ደግሞ የተበዳሪው መዘግየት በዋሱም የብድር ታሪክ ላይ ይጻፋል። እየቆየ ሲሄድ ክብደቱ ይቀላል፤ አምስት ዓመት ሳይሞላው ግን አይሰረዝም። ስለዚህ ለብድሩ የሚያበቃዎት ነጥብ ለጥቂት ጎደለ።»

«ቸግሮት ነው'ኮ የኔ ልጅ!» እህቱ ጠበቃ ሆነች። «ያኔ ሥራ ጠፍቶ ነበር። አይደል እንዴ አንተ?»

በሬ ወለደ ጫማውን አየ። ሠራተኛዋ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ምክንያቱ እዚህ ተጽፏል። ‹አማቱ ሞተውበት።› ሦስቱም ቦታ።»

«አማቱ?» እህቱ ልትስቅ ከንፈሯን ከፈተችና እዚያው ተወችው። «ይሄ ላጤ?»

እውነቱ ግን ያኔ ችግር የሚባል አልነበረም። ገንዘቡ መሳቢያው ውስጥ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ተቀምጦ ነበር። ነገሩ ከባንክ የሚደውለው ሰውዬ የዋህ መሆኑ ነው፤ አማቴ ሞተች ሲለው ሊያለቅስ ደረሰ። ጓደኞቹ ስልኩን ከበው በሳቅ ፈረሱ። በሁለተኛው ጊዜ አማቲቱ ከሣጥኗ ተነሥታ፣ ውሃ ጠይቃ፣ ጠጥታ ዳግም ሞተች። በሦስተኛው ወንዝ ወሰዳት። ቅጣቱን ከነሳቁ ከፈለና ረሳው። መዝገቡ ግን አልረሳም።

ደጅ ሲወጡ እህቱ ቆመች።

«ብሩ ነበረህ?»

«ነበረኝ፣ እቴቴ።»

ነጠላዋን አጣፍታ መራመድ ጀመረች። ብትሰድበው በወደደ ነበር።

«ማሽኑን እሸጠዋለሁ።»

«አሮጌ ብረት ሩቡን አይሞላም። ተወው።»

ቢሆንም ሦስት ቀን ገዢ ፍለጋ ዞረ፤ የሰጡት ዋጋ እሷ እንዳለችው ሆነ። የክፍሉ ባለቤት ዘንድ ሄዶም እግሩ ሥር ወደቀ። ባለቤቱ ግን አንድ ጫማ ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ይዞ እንደቆመ ነገረው።

ቅዳሜ ጠዋት የስፌት መኪናዋን ወደ መኝታ ቤቷ ጥግ አጓጓዙ። በሬ ወለደ ከባዱን ጠረጴዛ ተሸክሞ ሲወጣ አንዲት ደንበኛ ያልተጠለፈ ቀሚስ ይዛ ደረሰች።

«ውይ! ምነው ለቀቅሽው?»

በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቀው እህቱ የጨርቅ ቁልሉን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ጆሮዋ ሳይቀር ቀላ።

«ሰፋኝ» አለች። «ለአንድ ሰው... በጣም ሰፋኝ።»

ደንበኛዋ ያቺን ሁለት እርምጃ የማትሞላ ክፍል አየች፤ ከዚያ ወንድምየውን። እሱ ጠረጴዛውን እንደተሸከመ አቀርቅሮ ወጣ።