ከመዋጥሽ በፊት ደውይ

ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ራስ በአረፋ እንደሸፈነች ጥላት ወደ ውስጠኛው መጸዳጃ ቤት ሮጠች፤ መቀርቀሪያውንም ወረወረችው።

"ኧረ ዓይኔ! ሳሙናው ገባብኝ እኮ!" አለች ደንበኛዋ።

"መጣሁ እናቴ፣ እኔ አለቀልቅሻለሁ" አለች የፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ የፀጉር ሠሪዋ ታላቅ እህት። እጇ ውሃውን ይክፈት እንጂ ጆሮዋ በሩ ላይ ነበር።

ነገሩን ያመጣው አንድ አጭር መልእክት ነው። "የነገው ቀጠሯችን ወደ ሐሙስ ተዛውሯል፤ ይቅርታ።" በቃ፣ ይኸው ነው። ለሌላ ሰው ምንም አይደል፤ ለፀጉር ሠሪዋ ግን የሥነ ልቦና ሐኪሟ ሰልችቷት ጣለቻት ማለት ነው። ሕመሙን ቦርደርላይን ይሉታል፤ ጠዋት መልአክ ያልሽውን ሰው ከሰዓት "ከዳኝ" የሚያሰኝ ክፉ ነገር ነው። በዚያ ላይ የማስታገሻ ክኒን ሱስ አለባት። ሐኪሟ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዛ ነው የምታክማት። ባለፈው ከልክ በላይ ስትወስድ ለጥቂት ነው የተረፈችው፤ የዛሬው ግን ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

የሕክምናው ደንብ ግልጽ ነው። ከመዋጥሽ በፊት በፈለግሽው ሰዓት ደውይ፤ ከዋጥሽ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል እንጂ ወደ እኔ አይደወልም፤ እኛ በማግስቱ እንነጋገራለን። እሷስ ምን አደረገች? ክኒኑን ምላሷ ላይ አስቀምጣ ደወለች። አልዋጠችማ! ወይ ብልጠት!

"ዶክተር… እኔ ነኝ።"

"አወቅኩሽ። ምነው አፍሽ ተሳሰረ?"

"ምንም።"

"አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?"

ክኒኑ መሟሟት ጀምሯል፤ ምሬቱ ጉሮሮዋ ደረሰ። "እርስዎ ነዎት የጣሉኝ!" ብላ ጮኸች።

"ቀጠሮ አዛወርኩ እንጂ አንቺን አልጣልኩም። ተናደጂብኝ፣ ግዴለም። አሁን ግን ትፊው፤ እየሰማሁሽ ነው።"

መጸዳጃው ውስጥ ተፋችው።

"ጎበዝ! የቀረ አለ?"

የቀረው እሽግ መዳፏ ውስጥ ነበር። "ደፍቼ ውሃ ለቀቅኩበት" አለች።

"ጎሽ፣ ኮራሁብሽ!"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ "ኮራሁብሽ" የሚለው ቃል ደረቷን አሞቀው፤ ወዲያው ደግሞ አስፈራት። እውነቱን ብትናገር ሐኪሟ በቃሽኝ ትላታለች። ባትናገር እስከ ሐሙስ ከእሽጉ ጋር ብቻዋን መቅረቷ ነው። አውራ ጣቷ ሳታዝዘው አንዱን ክኒን ከማሸጊያው መግፋት ጀምሯል።

እህቷ በሩን ደበደበች። "አንቺ ልጅ፣ በሞቴ ክፈቺ! ልቤን አታውልቂው!"

"አንዴ ቆዪ!"

ደግማ ደወለች። ሐኪሟ ወዲያው አነሳች።

"ዶክተር፣ ዋሽቼዎታለሁ። እጄ ላይ ነው፤ አልደፋሁትም።"

አውራ ጣቷን ከክኒኑ ላይ አነሳች። ስልኩንም ሳትዘጋ የሐኪሟን መልስ ጠበቀች።