ያልቆሸሸው በረንዳ

ተሾመች መጥረጊያዋን ይዛ የሐይቅ ዳሩ ሎጅ አራተኛ ድንኳን በረንዳ ላይ ስትወጣ የሚጠረግ ነገር አጣች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን የእንጨት በረንዳ በየማለዳው ጠርጋለች። ከድንኳኑ በላይ የተንሰራፋው የቀረሮ ዛፍ የጉሬዛዎች ማደሪያ ነው። ሲያራግፉት ያደሩትን ኩስና የታኘከ ቅጠል በማፈሻ ሰብስባ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ጫካው ውስጥ ትደፋለች። ከዚያ በረንዳውን በውሃ ታጥባለች። ዛሬ እንጨቱ ትናንት ትታው እንደሄደችው ነው።

ቀና አለች። ቅርንጫፎቹ ባዶ ናቸው።

ጉሬዛዎቹን ያየቻቸው ከሐይቁ ማዶ ነው። አሥራ አንድ ሆነው አንድ ዛፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጫጭ ጭራቸው ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ጎህ ሲቀድ ያጓሩ ነበር፤ የሎጁ እንግዶችም በዚያ ድምፅ ይነቁ ነበር። ዛሬ አላጓሩም። አይበሉም፣ አይቀማመሉም። ሁሉም ወደዚህ ይመለከታሉ። እሷን የሚያዩ መስሏት ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። አንዱም አልተከተላትም። የሚያዩት ቀረሮውን ነው።

«አየሽ፣ ስትፈልጊ ትችያለሽ!» አለ አንድ ሰው ከኋላዋ።

ሥራ አስኪያጁ ወንድማገኝ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እንግዳ ኩስ ረግጣ ስለጮኸች ለተሾመች የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሰጥቷታል። ከእንግዲህ ኩስ ከተገኘ ትሰናበታለች። ቦንጋ ያሉት ሁለት ልጆቿ የሚማሩት በዚህ ደሞዝ ነው።

«እኔ አልጠረግኩም፣ አቶ ወንድማገኝ። ጉሬዛዎቹ ዛፉን ጥለው ሄደዋል።»

«ተመስገን! ገላገሉኝ።»

«ዛሬ የሚመጡትን ሙሽሮች ሁለተኛው ድንኳን ብናስገባቸውስ?»

«ሐይቁ ከአልጋ ላይ የሚታየው ከዚህ ብቻ ነው። ይህንኑ ብለው ነው ከአዲስ አበባ የሚመጡት። ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። አንሶላ ቀይሪ፣ አበባ በትኚበት።»

«ዛፉ ግን...»

«ዛፉ ምን ሆነ? ለምለም ነው። ጉሬዛ ቤት ለቀቀ ብዬ ስብሰባ ልጥራ?»

እየሳቀ ሄደ።

ተሾመች ወደ ግቢው በር ሄዳ ጥበቃውን ጋሽ ፈለቀን ጠራች። ሽማግሌው በወጣትነቱ በየጫካው ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነበር። መጥቶ ማዶውን አየ። ቆቡን አወለቀ። ከዚያ የቀረሮውን ግንድ በመዳፉ ነካ። ከኋላ በኩል፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ሲቆፈር የተቆረጠው ሥር ጫፉ ጠቁሮ ይታያል።

«ጉሬዛ የለቀቀውን ዛፍ ቀፎ ይዤ አልወጣም ነበር» አለ።

«ለምን ጋሼ?»

«አባቴ ከልክሎኝ ነዋ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።»

«ይወድቃል?»

«ወር ይቆም ይሆናል። ዛሬ ማታም ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ለአቶ ወንድማገኝ ይንገሩታ!»

«ሥሩን ሲቆርጡ ነግሬው ነበር። ‹እርስዎ በሩን ይጠብቁ› አለኝ።»

ተሾመች ጆሮዋን ግንዱ ላይ ለጠፈች። ነፋስ የለም። ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቷል። ከግንዱ ውስጥ፣ ከታች ከሩቅ፣ ገመድ ሲበጠስ የመሰለ ድምፅ መጣ። ዝም አለ። ቆይቶ አንድ ጊዜ ደገመ።

«ሰሙ?»

«ጆሮዬ ደክሟል፣ ልጄ» አለ ጋሽ ፈለቀ። መዳፉን ግን ከግንዱ አነሳ።

ተሾመች አልጋውን አነጠፈች። ነጭ አንሶላ፣ ሁለት ትራስ፣ አበባ። በድንኳኑ መስኮት ማዶው ይታያል። አሥራ አንዱም እንደተቀመጡ ናቸው። አበባውን ስትበትን እጇ ቆመ። ከዚህ ትራስ ላይ የሚተኛ ሰው ቀና ቢል የሚያያቸው እነሱን ነው። እነሱ የሚያዩት ግን እሱን ሳይሆን ከበላዩ ያለውን ዛፍ ነው።

መኪና ዳገቱን ሲወጣ ተሰማ።

ማፈሻዋን አንስታ ከጀርባ ወጣች። ትናንትና ከትናንት ወዲያ የደፋችው ኩስ ገና እርጥብ ነው። ሞልታ ተመለሰች። በመጀመሪያ በረንዳው ላይ በተነችው። ከዚያ አንሶላውን ገልጣ ፍራሹ ላይ ደፋች። እንዲያም ሆኖ ወንድማገኝ «ጥረጊው» ብሎ ሊያስተኛቸው እንደሚችል አሰበች። የማጠቢያውን ባልዲ አነሳችና ውሃውን ከላዩ ገለበጠችው። እንዲህ የራሰ ፍራሽ በአንድ ቀን አይደርቅም።

«ከድንኳኖቻችን ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው» የሚለው የወንድማገኝ ድምፅ በመንገዱ ቀረበ።

«ዮሴፍ፣ ሐይቁን እየው!» አለች ሙሽራይቱ። ትንሽ ቆይታ፣ «ይሄ ሽታ ግን ምንድን ነው?»

ተሾመች የድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ማፈሻውን ከኋላዋ ልትደብቀው ትችል ነበር። ከፊቷ ያዘችው።