የሌንሱ ፕላስቲክ

የእጅ ስፌት አስተምራለሁ። አርባ ሁለት ተማሪ የአንዲት መርፌን ጫፍ ለማየት ጠረጴዛዬን ከቦ ሲጋፋ፣ ፊት የቆሙት ስድስቱ ያያሉ፤ የቀሩት የስድስቱን ማጅራት ያጠናሉ። «ድንቢጥ» የምንላት አጭሯ ተማሪዬማ ከማጅራት በቀር ያየችው የለም። የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ስፌት ፈተና ወደቀች። ነገ በድጋሚ ትፈተናለች፤ ነገም ከወደቀች ትባረራለች።

ለዚሁ ተብሎ የተገዛ ካሜራ እኮ አለን። ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ ቁልቁል እጄን እያየ፣ ግድግዳ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ርዕሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ዘጠኝ ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ ዘጠኝ ጊዜ «ዕቃው እንዳይጎዳ» የሚል መልስ መጣልኝ። ደሜ ፈላ። ተማሪ ቢጎዳ ማን ይጠይቃል?

ዛሬ ጠዋት ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማና ካሜራው በንብረት ክፍል ሠራተኛው እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ክፍሌ ገባ። ርዕሰ መምህሩ ደረታቸውን ነፍተው፣ ሁለት ዓመት በዚህ ስናስተምር ቆይተናል ብለው ለእንግዶቹ አስረዱ። አበራሁት። ግድግዳው ላይ የታየው ጉም ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ አበላሸሽው በሚል ዓይን አፈጠጡብኝ።

ጎንበስ ብዬ ሌንሱን አየሁ። ከፋብሪካ ሲወጣ የተለጠፈበት ስስ ፕላስቲክ እንዳለ ነው። በጥፍሬ ላጥኩት፤ ጣቶቼና መርፌዋ ግድግዳውን ሞሉት።

«ክሩ ለካ ከሥር ነው የሚዞረው» አለች ድንቢጥ ከኋላ።

ከእንግዶቹ አንዱ ማስታወሻው ላይ «በሚገባ ይሠራበታል» ብሎ ጻፈ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

ርዕሰ መምህሩ እንግዶቹን ሸኝተው ሲመለሱ፣ በቀጥታ ወደ ካሜራው ሄዱ።

«ፕላስቲኩን የት አደረግሽው? መልሰሽ ለጥፊውና ወደ ቦታው ይግባ።»

ፕላስቲኩን ከጋወኔ ኪስ አወጣሁ፤ መቀሴን አነሳሁና ዓይናቸው እያየ ቆራረጥኩት።

«ዕቃው ተጎድቷል» አልኳቸው። «ከእንግዲህ የሚጠብቁት ነገር የለም።»

ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ድንቢጥ ወንበሯን እየጎተተች መጥታ በእኔና በእሳቸው መካከል ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ ሦስተኛዋን ስፌት ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላት።