ለጣት የተሠራ መቆሚያ

ብርሃን ነበረች፣ ወለሉ ላይ... አንዲት ቁራጭ፣ የመስገጃ ምንጣፍ የምታህል።

ጠዋት ከመስኮቱ ሥር ትጀምራለች። ቀስ ብላ ወደ ወንበሩ ትሄዳለች፣ ወንበሩን ትሻገራለች፣ ግድግዳውን ትወጣለች። ከዚያ የለችም። እስከ ነገ የለችም።

እሷን ነበር የምንካፈላት፤ እኔ፣ ባለቤቴ ራህመት፣ ዘጠኝ ተክሎችም።

ደሴ ነው ቤታችን፣ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ በሚያርፍበት በኩል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ድሮ ግቢ ነበረን። ሰፊ አልነበረም፤ ግን ሰማይ ነበረው። ግቢው ለመንገድ ሲፈለግ ምትክ ቤት ደረሰን፤ ራህመትም ልትሸከም የምትችለውን ያህል ከግቢዋ ይዛ ደረጃውን ወጣች። ጤና አዳም በቀለም ቆርቆሮ። በሶብላ በተቆረጠ ጀሪካን። የጥብስ ቅጠል፣ ናና፣ እሬት፣ ጠጅ ሳር፣ ሁለት ጽጌረዳ። እናቷ በሕይወት ሳለች የተከለችላት አሪቲ ደግሞ በሸክላ ማሰሮ።

«ፀሐይ አንድ ቦታ አትቀመጥም» ትል ነበር ራህመት፣ ያኔ፣ ደህና ታይ በነበረ ጊዜ። ብርሃኗን እየተከተለች ተክሎቿን ታዞራለች። ወንበር ላይ፣ ሳጥን ላይ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ። ይህን ጥቂት ከፍ... ያንን ጥቂት ዝቅ።

እኔ አናጺ ነኝ። ሙሄ አናጺው ይሉኛል። አርባ ዓመት በር ሠርቻለሁ፣ አልጋ ሠርቻለሁ፣ የሙሽራ ሳጥን ሠርቻለሁ። ባልዲ ላይ የተቀመጠች ጽጌረዳ በየቀኑ እያየሁ፣ አንድ ቀን እንኳ «መቆሚያ ልሥራላት» ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያ ዓይኗ ደከመ።

በአንድ ቀን አልነበረም። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋት፤ ልብስ ሰፊ ነበረች ራህመት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ከዚያ የደረጃው ጠርዝ ጠፋት። ከዚያ ፊቴ። ግላኮማ ነው አለ ሐኪሙ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቅ አለ።

የቀረው ጥቂት ነበር። ጥላ... ብርሃን።

«አብሽሪ» አልኳት፣ ከሐኪም ቤት ስንመለስ።

«አብሽር» አለችኝ፣ እሷም። የማን ልብ እንደተሰበረ ከድምፃችን መለየት አይቻልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ተወች። ገበያ ተወች፣ ጎረቤት ተወች፣ ሰርግ ተወች፣ ለቅሶ ተወች። ተክሎቿን ብቻ አልተወችም። በዳሰሳ ታጠጣቸዋለች፣ በዳሰሳ የደረቀ ቅጠል ትለቅማለች፤ ባልዲውን በእግሯ እየመታች፣ ወንበሩን በጉልበቷ እየመታች።

ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። ሥራ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት ደረጃ ነበር። የዋንዛ ጣውላ፣ ሦስት እርከን፣ በመላጊያ የለሰለሰ፣ ቫርኒሽ የጠጣ። ተክሎቹን ደረደርኩ። እጇን ይዤ አስነካኋት። ይህ ላይኛው ነው፣ ይህ መካከለኛው ነው፣ ይህ ታችኛው ነው።

«ያምራል» አለች።

ያምር ነበር። ግን ፀሐይ አንድ ቦታ አትቀመጥም። በታኅሣሥ ብርሃኗ ወደ ቤቱ ጠልቃ ገባች፣ በየካቲት ወደ መስኮቱ ሸሸች። አንዱ እርከን ሲጠግብ ሌላው ተራበ። በሶብላው ቢጫ ሆነ። እኔም ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ እሷ ሳትነሳ፣ ተክሎቹን ማቀያየር ጀመርኩ። ይህን ጥቂት ከፍ... ያንን ጥቂት ዝቅ።

አልነገርኳትም። ይህ ነበር ጥፋቴ፤ አልነገርኳትም። እሷ ናናውን ብላ እጇን ስትዘረጋ የእሬቱ እሾህ ተቀበላት።

«ናናው የት ሄደ?»

«ወደ ላይ አውጥቼው ነው። ፀሐይ እንዲያገኝ።»

«እሺ» አለች።

በማግሥቱም ጠየቀች። በሦስተኛው ቀንም ጠየቀች። በአራተኛው ቀን አልጠየቀችም። የምታጠጣበትን ቆርቆሮ ከነውሃው መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ሁለተኛውን መቆሚያ ከይመር ጋር ሠራሁት። ይመር ከአናጺ ቤቴ ጎን ብየዳ የሚሠራ ወዳጄ ነው። በጠመኔ ወለሉ ላይ ሳለልኝ።

«ቱቦ በቱቦ ውስጥ እናስገባለን» አለ። «የሆስፒታል ግሉኮስ መስቀያ አይተህ የለም? እንደዚያ ነው። ቀዳዳ በቀዳዳ ይገጥማል። ፒኑን ነቅለህ ከፍ፣ ነቅለህ ዝቅ።»

«እንዳይወድቅስ?»

«ከሥሩ የመኪና ጎማ ቸርኬ እበይድበታለሁ። በሬ ቢደገፈው አይነቃነቅም።»

እውነቱን ነበር፤ አልተነቃነቀም። ዘጠኝ ቱቦ፣ በየቱቦው ጫፍ ሳህን፣ በየቱቦው ወገብ ፒን። ከፍ ዝቅ ይላል እንደፈለጉት። ለራህመት አሳየኋት፤ ፒኑን በጣቶቿ መሃል አድርጌ አንድ ጊዜ አስነቀልኳት፣ አንድ ጊዜ አስከተትኳት። ደስ አላት መሰለኝ። እኔን ደስ ብሎኝ ነበር፤ የእሷን ደስታ ከእኔ አልለየሁትም።

አንድ ማክሰኞ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ አሪቲው ከብርሃኗ በላይ መቅረቱን በእጇ ሙቀት አወቀች። ዝቅ ላድርገው አለች፣ ራሷ። ፒኑን ነቀለች። ቱቦውን አወረደች። ቀዳዳውን ፈለገች... አገኘች። ፒኑን ከተተች። ፒኑ የውጪውን ቀዳዳ አልፎ የውስጡን ሳተ። የገባ መሰላት።

እጇን ለቀቀች።

ለምሳ ስመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አፈር በዙሪያዋ። የሸክላ ስባሪ ቀሚሷ ላይ፣ ትልቅ ትልቁ ከታች፣ ትንሽ ትንሹ ከላይ። ጣቷን በሻሿ ጫፍ አስራዋለች። አላለቀሰችም። የአሪቲው ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ ያን ያህል ሸትቶ አያውቅም።

«ለጥሩዬ ስጣቸው» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ጥሩዬ ከእኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤታችን ናት። የተረፉትን ስምንት ተክሎች ስምንት ጊዜ ተመላልሼ አወረድኩላት። በሯ ላይ ቆማ እያንዳንዱን ተቀበለችኝ። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሽ ሙሄ፣ እኔ የተቀበልኩት አደራ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። አጠጣቸዋለሁ። እትዬ ራህመት በጠራቻቸው ቀን ይመጣሉ።»

አትጠራቸውም፣ አልኩ በልቤ።

ቤቱ ባዶ ሆነ። ብርሃን ትመጣለች፣ ከመስኮቱ ሥር ትጀምራለች፣ ወንበሩን ትሻገራለች፤ የሚቀበላት የለም። ራህመት ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ትቀመጣለች። የምትበላው አነሰ። የምትናገረውም አነሰ። ልጃችን ከኮምቦልቻ ስትደውል «ደህና ነኝ» ብላ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች።

እኔ ደግሞ ሌት ተቀን ስለ ፒን አስባለሁ። ፒኑ ይወፍር? ሰንሰለት ይኑረው? ይመር ሞላ እንጨምርበት አለ። ሞላ ገዛን፣ ሞከርን፣ ተውን። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ።

ጠየቅኋት።

«ራህመት፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

ከታች መንገድ ላይ ባጃጅ አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

«አንተ የሠራኸው ለሚያይ ሰው ነው» አለች። «ያለፈውም፣ የአሁኑም። ቀዳዳ ለዓይን ነው፣ ሙሄ። ለጣቴ ቀዳዳ ሁሉ አንድ ነው። የትኛው የት እንዳለ አይነግረኝም።»

«ታዲያ ምን ይንገርሽ?»

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እጅጌ ከትከሻ ስገጥም ምን አደርግ እንደነበር ታስታውሳለህ? ጠርዙን በመቀስ ነከስ አደርገው ነበር። ትንሽ፣ እንደ ጥርስ። ይህኛው ጥርስ ከዚያኛው ጥርስ። መብራት ሲጠፋ እንኳ ጣቴ ያገኘዋል። እንደዚያ ያለ ነገር ሥራልኝ።»

ጥርስ። አርባ ዓመት መጋዝ ይዤ ስውል ጥርስ አላሰብኩም።

በማግሥቱ ከቁራጭ ዋንዛ ላይ አራት ጥርስ አውጥቼ ወሰድኩላት። ጣቷን ከላይ ወደ ታች አወረደችው፣ ከታች ወደ ላይ መለሰችው።

«ይቀራረባል።»

ሌላ ቆርጬ አመጣሁ።

«ይሄ ራቀ። ና ወዲህ፣ እርሳስ ይዘሃል?»

ሁለት ጣቶቿን አጣምራ እንጨቱ ላይ አሳረፈች። በጣቶቿ ላይኛና ታችኛ በኩል በእርሳስ አሰመርኩ። ሜትር አልተጠቀምኩም። ለጥርሱ ርቀት የራህመት ሁለት ጣት ሆነ ልኬቱ።

ከዚያ እሷ ተናገረች፣ እኔ ቆረጥኩ፤ ጥርስ ያላቸው ቋሚ እንጨቶች፣ በላያቸውም ሳህን የሚሸከሙ ዘጠኝ ክንዶች። አምስተኛዋን ጥርስ ጠለቅ አድርጋት፣ ከሥር ጀምሬ እንዳልቆጥር። እሺ። ክንዶቹ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ይሁኑ፣ እጄ በመሃል ይለፍ። እሺ። የሳህኑ ጠርዝ ከንፈር ይኑረው፣ እንዳያንሸራትት። እሺ። ሲገባ ይሰማኝ። ለዚህኛው ይመር ጋ ሮጥኩ፤ ለየክንዱ ጫፍ ትንሽ የብረት ምላስ ሠራልኝ።

ፒን የለውም። ክንዱን ከፊት በኩል ቀና ሲያደርጉት ከጥርሱ ይላቀቃል፤ ጥቂት ከፍ... ጥቂት ዝቅ... ሲለቁት የተክሉ ክብደት ራሱ ወደ ጥርሱ ይጭነዋል። ቀጭ ይላል። የሚወድቅበት ቦታ የለውም።

የለውም አልኩ እኔ። ራህመት ግን ባዶ ክንድ አላምንም አለች። ማሰሮ የሚያህል ድንጋይ አመጣሁ። ከደረቷ ትይዩ አስቀመጥነው። ክንዱን ቀና አደረገች፣ አንድ ጥርስ አወረደች። ቀጭ።

እጇ ከሥሩ አልተነሳም። ቆመች፣ ድንጋዩን ደግፋ። ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ። «ልቀቂው» ልል ነበር፤ አላልኩም። የእኔ ቃል እንዲያስለቅቃት አልፈለግሁም።

አውራ ጣቷን አነሳች። ከዚያ ትንሿን ጣት። ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ... መዳፏ ብቻ ቀረ። መዳፏም ወረደ።

ድንጋዩ እዚያው ነው።

«ጥሩዬን ጥራት» አለች።

ጥሩዬ ስምንቱንም ራሷ ተሸክማ አወጣቻቸው፤ አንዱንም አላስነካችኝም። ባመጣቻቸው ቁጥር በሩ ላይ ስማቸውን ትጠራለች፣ ራህመት ትቀበላለች፣ ታሸታለች፣ ቦታ ትሰጣለች። ብርሃኗን በእጇ ጀርባ ትፈልጋለች። እዚህ ይሞቃል... ጽጌረዳዋ እዚህ። ቀጭ። እዚህ ለዘብ ይላል... ናናው እዚህ። ቀጭ። ጥቂት ከፍ... ጥቂት ዝቅ።

«በሶብላው ወፍሯል» አለች። «ምን አበላሽው?»

«ዝም ብዬ አዋራው ነበር እትዬ» አለች ጥሩዬ። ሁለቱ ሳቁ። ከቤታችን ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተክሎቹን እኔ አልነካኋቸውም። ጠዋት ከአልጋዬ ሆኜ እሰማታለሁ። ቀጭ... ዝምታ... ቀጭ። ያን ድምፅ ሰምቼ ነው የምነሳው።

አንድ እሑድ ከሰዓት ከአስር ሶላት ስመለስ መቆሚያው ተለውጦ ነበር። ስምንቱ ወደ ጎንና ወደ ጎን ዞረዋል። ዘጠነኛው ክንድ፣ ባዶው፣ ብርሃኗ ረጅም ሰዓት በምትቆይበት መሃል ላይ ወጥቷል።

«ይህን የመሰለ ቦታ ለባዶው ሰጠሽው?»

«ነገ ሰኞ ነው» አለች።

አልገባኝም።

«ሰኞ ገበያ ችግኝ የሚሸጡ አይጠፉም። ጫማዬን ከአልጋው ሥር ፈልግልኝ፣ አቧራ ሳይበላው አይቀርም።»

ዓመት ከአራት ወር ነበር፣ ያን ደረጃ ከወረደች።

ሰኞ ጉሙ ሲነሳ ወጣን። በግራ እጇ ብረቱን፣ በቀኝ እጇ ትከሻዬን ይዛ፣ ደረጃውን ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ እየቆጠረች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጥሩዬ በሯን ከፈተች፤ አየችን፤ መንገድ ለቀቀችልን።

ገበያው ጫፍ ላይ አንዲት ወጣት ችግኞቿን በጥቁር ላስቲክ ደርድራ ተቀምጣለች። ራህመት ትከሻዬን ለቀቀች። ጎንበስ አለች። አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ አፍንጫዋ ሥር አቆየችው። መለሰችው። ወደሚቀጥለው ሄደች። ከኋላችን ሰው ይገፋል፣ ጋሪ ያልፋል፣ ሰው በሰው ላይ ይጣራል፤ እሷ አትቸኩልም።

«ምን ልስጥዎት እናቴ?» አለች ልጅቷ።

«ቆይ ልጄ» አለች ራህመት። «እያየሁ ነው።»