እሳት የማይበላው ጥብጣብ

መጀመሪያ የገባው ሽታው ነው፤ ኤርጎ ከሽታው ኋላ ደረሰ። የሺመቤት በረንዳው ላይ ጎደሬ እየላጠች ነበር። የተቃጠለ ፀጉር ሸተታት፣ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተታት፣ ከሁለቱ ሥር ደግሞ ምን እንደሆነ እያወቀች ስሙን ልትጠራው ያልፈለገችው ሌላ ሽታ ነበር። ወንድሟ ሞተሩን እንደ ልማዱ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ የወይጦን ቆላ አቧራ ከቅንድቡ እያራገፈ የሚበላ ነገር አለ ወይ ሲል ጠየቃት።

"መጀመሪያ አንተን ምን እንደበላህ ንገረኝ" አለችው።

ወደ እግሩ ስታይ እሱም አየ። የሱሪው ቀኝ እግር ጠቁሮ ከባቱ ጋር ተጣብቋል። ጨርቁን ላጥ ሲያደርገው ቆዳው አብሮ መጣ። መዳፍ የሚያህል ቁስል ነው። ኤርጎ የራሱን እግር ሳይሆን ሥጋ ቤት የተሰቀለ ብልት የሚያይ ይመስል አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተመለከተው።

"ሞተርሽ ሳመኝ" ብሎ ሳቀ። ከዚያም ቁጭ ብሎ በላ።

"ሞተርሽ" ማለቱ ያለ ነገር አይደለም። ኤርጎ በመንግሥት ቢሮ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው፤ ከጂንካ እስከ አርቦሬ፣ ከዚያም ወዲያ ድረስ መርፌውን ተሸክሞ ይዞራል። ሞተሩ በወረቀት የቢሮው ይሁን እንጂ ሲታመም የሚያድረው የሺመቤት ጓሮ ነው። ማንም አላስተማራትም። አንድ ጊዜ ሲበላሽ ፈታችው፤ ስትገጥመው ብሎን ተረፋት፤ እንደገና ፈታችው፤ ምንም እስከማይተርፍ ድረስ ስትፈታና ስትገጥም ከረመች። በጂንካ ካንዴላ ነቅሎ የሚያጸዳ ወንድ ሞልቷል፤ ካርቡሬተር በትኖ መልሶ የሚሰበስብ ግን እሷ ብቻ ነበረች። ይህንንም ከማንም በላይ የምትናገረው ራሷ ነበረች።

የዚያ ሞተር ማርሚታ፣ ማለት የጭስ ማውጫው፣ አንገቱ ከሲሊንደሩ ወጥቶ፣ ሽቅብ ታጥፎ፣ ከነጂው ቀኝ ባት ሥር ያልፋል። እግርን የሚከልለው ላሜራ አርቦሬ መንገድ ላይ ከወደቀ ቆይቷል። ስለዚህ ያ ሞተር ላይ ወጥቶ ምልክት ያልተወለት ሰው የለም። የኤርጎ እጮኛ ሣራ መጀመሪያ የተፈናጠጠች ጊዜ፣ ስትወርድ ጫፉ ብቻ ቢነካት፣ ከተማው መሐል ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ዘላ ወድቃ ሜዳውን የሚግጡትን ላሞች አስበርግጋለች።

እንግዲህ ሣራን በጫፉ ነክቶ ያዘለለ ብረት፣ ሱሪውን በልቶ ሥጋው እስኪደርስ ኤርጎ ምን ሲያደርግ ነበር? የሺመቤት ይህን ጥያቄ ጠየቀች። መልሱ ከሩቅ ሲመጣ አየችው፤ አይታም በሯን ዘጋችበት።

ትዝ የሚላት ነገር ነበርና ነው። በበጋው ከማጎ በረሃ ሲመለስ፣ የገንዲ ዝንብ ቀኝ እግሩን እንደተወለት፣ ግራውን ብቻ እንደሚወጋው ነግሯት ነበር። "ሰልችቼው ይሆናል" ብሎ አስቋታል። የገንዲ ዝንብ ማንንም አይሰለችም። በሬ የሚያስፈረጥጥ፣ ሰው ሞተሩን ጥሎ እንዲሮጥ የሚያደርግ ዝንብ ነው። ያን ጊዜ ሳቀች።

ሌላም ትዝ ይላታል። የእናታቸው ወንድም ዶላሞ ከነሪ ወንዝ ማዶ ብቻውን በጎጆ ይኖር ነበር። ልጅ ሆና ምግብ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይሰጣትና ትላካለች፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ትሮጣለች። እሱ ከኋላዋ፣ ጣት ያልቀረለትን እጁን አንስቶ በአሪኛ ይመርቃታል። ምርቃቱን እስኪጨርስ ቆማ ሰምታው አታውቅም። ሲሞት ጎጆውን ከነዕቃው አቃጠሉት። እናቷም እስክትሞት ድረስ የገዛ ወንድሟን ስም ቤት ውስጥ አልጠራችም።

"ጥፋቱ የማርሚታው ነው" አለች የሺመቤት ጮክ ብላ።

ኤርጎ እያኘከ ራሱን ነቀነቀላት።

በማግስቱ ጋሽ ሣህሌ ወፍጮ ቤት ሄደች። የወፍጮው ናፍጣ ሞተር ጭስ ማውጫ ጣሪያውን በስቶ በሚወጣበት ላይ ነጭ ጥብጣብ ተጠምጥሞበታል፤ የጭራሮው ጣሪያ እሳት እንዳይዝ ነው። ጋሽ ሣህሌ ራሳቸው አስቤስቶስ ይሉታል፤ ሌላው ሰው እሳት የማይበላው ጨርቅ ይለዋል። የተረፈ ጥብጣብ እንዳላቸው ስትጠይቃቸው፣ ዱቄት የለበሰ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ለፀጉሯ ነው ወይ አሏት።

"ለፀጉሬማ ቢሆን፣ የእርስዎን ራስ ሳይ ተስፋ ቆርጬ እመለስ ነበር" አለቻቸው።

መላጣቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱና፣ ዱቄቱ እስኪበን ድረስ ሳቁ። የተረፈውን ጥቅልም ሰጧት። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ካልጠመጠመችው ሲደርቅ እንደሚላላባት ነገሯት።

እንዳሉት ዘፈዘፈችው። ከሲሊንደሩ ሥር ጀመረች። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ዙር ግማሽ እየሸፈነ፣ በጉልበቷ ማርሚታውን ደግፋ፣ ጥብጣቡን እስከ ክርኗ እየጎተተች ጠመጠመችው። ጫፉን በሽቦ አስራ በፒንሳ አከረረችው። ሞተሩን ስታስነሳው ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ ጓሮው የረጠበ ኖራ ሸተተ። እንፋሎቱ ሲያበቃ መዳፏን መጀመሪያ ከላዩ አንዣበበች፣ ከዚያ አሳረፈችበት። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ግንባር ያህል ቢሞቅ ነው። እጇን ሳታነሳ ብዙ ቆየች።

"እስቲ አሁን ያቃጥልህ" አለችው።

ኤርጎም ጥብጣቡን እየዞረ አይቶ፣ ከእሱ በፊት ማርሚታው ሱሪ ለበሰ አለ።

ቁስሉን ጤና ጣቢያ የሚያጥበው ድሬሰር ወርቅነህ ነበር፤ ብዙ የማይናገር፣ ከወላይታ የመጣ ሽማግሌ። አንድ ጠዋት የሺመቤትን አስጠራት። ኤርጎን ዓይኑን አስጨፍኖ በጥጥ ጫፍ እንደነካካው ነገራት። ጥጡ ባቱ ላይ ሲያርፍ ኤርጎ መቼ ትጀምራለህ ብሎ ጠይቆታል። እግሩ ላይም እንደዚያው፤ የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ላይም እንደዚያው። ለኤርጎ ያሰበውን ሊነግረው ሲል፣ ኤርጎ አቋርጦ፣ "ለእህቴ ንገራት፤ የሚገባት እሷ ናት፤ እሷ ያለችውን አደርጋለሁ" ብሎ የሰበሰበውን የሱሪውን እግር ወደ ታች ለቆ ወጥቷል።

"ሥጋ ደዌ ይመስለኛል" አላት ወርቅነህ። "መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ከተያዘ ምንም አይሆንም። ከአርባ ምንጭ የሚመጣ ሐኪም አለ። ላሳየው?"

የሺመቤት ምላሷ ስለት ነው የሚባለው በከንቱ አልነበረም። ያን ቀን ግን ከመልሷ በፊት የኮባ ቅጠሉ ታያት፤ ድንጋዩ ታያት። ሣራ ታየቻት፤ ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመኑ የሚሰበሰበው በሣራ አባት ቤት ነው፤ ሠርጉም በቆሎው ሲገባ ተብሎ ተቆርጧል። ኤርጎ ራሱ፣ ሰው የማይጨብጠው እጁን እያነሳ፣ ከነሪ ማዶ ታያት።

"ጋሽ ወርቅነህ" አለችው፣ "እርስዎ ቁስል ያጥቡ። ይህ የቃጠሎ ቁስል ነው፤ ያቃጠለውን ብረትም እኔ ጠምጥሜዋለሁ። ያን ቃል ከሌላ ሰው ከሰማሁት፣ ከማን አፍ እንደወጣ አላጣውም።"

"ልጄ፣ እኔ ስለ ብረቱ አልጠየቅሁሽም" አላት።

እሷ ግን ወጥታለች። ቤት ስትደርስ ኤርጎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"ምን አለሽ?"

"ቁስሉ እየደረቀ ነው አለ።"

ብዙ አያት። ሁልጊዜ የሚቀልድ ፊት መቀለዱን ሲተው ምን ያህል ሌላ ሰው እንደሚሆን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። "እንደዚያ ከሆነ ጥሩ" አለና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ቁስሉም እውነትም ደረቀ። ከዚያ በኋላ እግሩ አልተቃጠለም፤ ሊቃጠልም አይችልም፤ ጥብጣቡ አለ። የሺመቤት ይህን ለራሷ እንደ ማስረጃ ደጋግማ ታቀርበው ነበር። ዝናቡ ሲመጣ ጥብጣቡ ጭቃና ውኃ ጠጣ። ስትፈታው ከሥሩ ብረቱ ቀልቶ መቀረፍ ጀምሯል። ይህን ሥራ ከሌላ ሰው እጅ ብታየው ሰውየውን በአደባባይ ባዋረደችው ነበር። እሷ ግን ዝገቱን በጨርቅ ጠርጋ፣ ጥብጣቡን አገላብጣ፣ ከበፊቱ አጥብቃ መልሳ ጠመጠመችው። ኤርጎ ከመንገድ ሲመለስ ቀድማ የምታየው ጥብጣቡን ሆነ፤ እግሩን ማየት ተወች።

እጁንም ማየት ትታለች። ብርጭቆ ሲያመልጠው ብርጭቆውን ትሰድባለች። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙ ቁልፍ ከጣቱ ሲያመልጥ፣ አንተ እስክትቆልፍ ድረስ ከብቱ አርጅቶ ይሞታል እያለች ቀርባ ራሷ ትቆልፍለታለች። እሱም እጆቹን አውርዶ እንደ ልጅ ይቆምላታል። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር በመካከላቸው ቆሞ፣ ቁልፉን ከታች ወደ ላይ ትቆልፋለች።

በቆሎው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ የቅዳሜ ገበያ ጠዋት፣ የሺመቤትና ሣራ ከገበያ ሲመለሱ ኤርጎን አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር አገኙት። ከቆላ መግባቱ ነው፤ ሞተሩ ገና እየተንጣጣ ነው። የጥብጣቡ ሽቦ ተፈቶ ጫፉ ተንጠልጥሏል፤ ማርሚታው አንገቱ ላይ ራቁቱን ቀርቷል።

"እንዳትነካው፤ ፒንሳ ይዤ ልምጣ" አለችው የሺመቤት። ቤታቸው ከሜዳው ማዶ ነው።

ፒንሳውን ይዛ ስትመለስ ከሩቅ አየችው። እጮኛው ፊት እጁን አጣጥፎ መቆም የማይሆንለት ሰው ነበርና ቁጢጥ ብሏል። ሽቦውን በባዶ እጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ ሁለት ጣቶች የተፈታውን ጥብጣብ ብረቱ ላይ ተጭኖ ያከርራል። ጥብጣቡ ከጣቶቹ ሥር ተንሸራቷል። ጣቶቹ ያረፉት ብረቱ ላይ ነው። እሱ ግን ቀና ብሎ ለሣራ ያወራል፤ የቢሮውን ኃላፊ ጥጃ ረግጦ ባርኔጣውን ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደጣለው። ሣራ ትስቃለች።

ሽታው መጣ። የሺመቤት አውቃዋለች። ባለችበት ቆመች።

የሣራ ሳቅ በመሐል ተቆረጠ። "ኤርጎ" አለች ቀስ ብላ፣ "እጅህ።"

እጁን አየ። ሲያነሳው የጣቶቹ ቆዳ ብረቱ ላይ ቀረ። አልጮኸም፤ የሚያስጮኸው ነገር አልነበረም። ወደ ሣራም አላየም። ጥቂት ርምጃ ላይ ፒንሳ ይዛ የቆመችውን እህቱን አየና፣ ስትደርስለት፣ ድምፁን ሳያነሳ ጠየቃት።

"ያን ጊዜ ወርቅነህ ምን ነበር ያለሽ?"

የሺመቤት ቁጢጥ ብላ የተፈታውን ሽቦ በፒንሳው ያዘች። ሣራ ዘንቢሏን ከሣሩ ላይ አነሳችና ሄደች። አልሮጠችም። ብትሮጥ ይሻል ነበር፤ የሮጠ ሰው ደንግጦ ነው ይባልለታል።

ሐኪሙ ከአርባ ምንጭ ሲመጣ መድኃኒቱን ሰጠው። በሽታውን ያቆመዋል፤ የሞተውን ነርቭ ግን አይመልሰውም አለ። እግሩ የተቃጠለ ጊዜ ቢመጣ ኖሮ እጁ ይተርፍ እንደነበርም ተናገረ፤ ያኔ ማን አይቶት እንደነበር ሲጠይቅ፣ ወርቅነህ መሬት መሬት አየ። ከሣራ አባት ቤት ሽማግሌ ተልኮ መጣ፤ እየጸለዩለት እንደሆነ ነገራቸው፤ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ሳይቀመጥ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ። ስለ ሠርጉ አላነሳም። ዳግመኛ ማንም አልመጣም።

ሞተሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አዲሱ ሰውዬ ጥብጣቡን ሲቀድደው የማርሚታው አንገት እንደ ደረቀ ቂጣ እጁ ላይ ተሰበረ አሉ። ይህን የጠመጠመው ማን ደደብ ነው ብሎ ጠይቋል። ነገሩን ያመጣላት ሰው መልስ ትሰጣለች ብሎ ጠበቀ። የሺመቤት ጎደሬዋን መላጧን ቀጠለች።

አሁን ጠዋት ጠዋት የኤርጎን ጣቶች የምታስረው እሷ ናት። ሁለቱ አጥረዋል፤ ሦስተኛው እያመረቀዘ ነው። በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ እጁን ጉልበቷ ላይ ታስቀምጣለች። ነጩን ጨርቅ ከእጅ አንጓው ሥር ትጀምራለች፤ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ዙር ግማሽ ይሸፍናል። እጇ ሌላ አያውቅም። አንድ ጠዋት ጫፉ ላይ ስትደርስ ከልማድ የተነሳ፣ ቀና ሳትል፣ "ጠበቀብህ?" አለችው።

"እኔን ነው የምትጠይቂው?" አላት ኤርጎ።

በቁጣ አልነበረም። እንዲያውም ትንሽ የድሮው ቀልድ ነበረበት። የሺመቤት ጎንበስ ብላ፣ ደም ይደርስ እንደሆን፣ የቀረውን ጥፍሩን ቀለም አየች። አላመነችውም። ፈታችውና እንደገና ጀመረች።