ከጀርባ የተነሳው ፎቶ

ሠልጣኞቹ ብረቱ ብለው ይጠሩታል። ከሴራሚክ መሸጫው በላይ፣ ግድግዳው ሁሉ መስታወት በሆነው ጂም ውስጥ አሠልጣኝ ሆኖ ሲሠራ ስድስት ዓመቱ ነው። ትከሻው በር ይሞላል። ከላይ ያየው ሰው ምንም የጎደለው አይመስለውም፤ ውስጡን ግን ለቄስ ነው።

ነገሩ የመጣው በመርፌ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰውነቱ አልጨምር ብሎ ሲያስቸግረው አንድ የሥራ ባልደረባው፣ «ሁሉም ይወጋል፤ አንተ ብቻ ጨዋ ልትሆን ነው?» ብሎ ጡንቻ የሚያሳድገውን መርፌ አስጀመረው። በሦስት ወር ውስጥ ሸሚዝ ሁሉ ጠበበው። ተደሰተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ገላውን ሲታጠብ የግራ ጡቱን ጫፍ በላው። በሳምንቱ ከጫፉ ሥር እንደ አዝራር የጠጠረ ነገር ዳሰሰ። ውሎ ሲያድር ቀኙም ተከተለ፤ ሁለቱም አበጡ፤ ፎጣ ሲነካቸው እንኳ ያመዋል።

ባልደረባውን ሲጠይቀው፣ «ያጋጥማል፣ ክኒን አለው» ብሎ ስም የሌለው ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። ምንም አልፈየደለትም። መርፌውን አቆመ። ያን ጊዜ ደግሞ ጉልበቱ ከዳው፤ ክንዱ ሟሟ፤ ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» አለችው። በማግስቱ ተመልሶ ተወጋ። ቢወጋ ጡቱ ያድጋል፣ ቢተው ሥራው ይሄዳል፤ እግር ከወርች ተያዘ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮው መደበቅ ሆነ። ደረቱን በሰፊ የቁስል ፋሻ ጠፍሮ፣ በላዩ ሁለት ካናቴራ፣ በዚያ ላይ ጥቁር ሹራብ ይደርባል። በዚያ ሙቀት ላቡ ፋሻውን እያራሰው ቆዳው ተላጠ። ልብሱን መጸዳጃ ቤት ቆልፎ ይቀይራል። ሰው አቅፎ ሰላም ማለት ተወ። መስታወቱ ግን ከየአቅጣጫው ያየዋል፤ ስለዚህ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ መቆም ለመደ። ሰዎች ኩራት መሰላቸው።

አንድ ሰኞ የጂሙ ባለቤት ጠራው።

«ሐሙስ ፎቶ አንሺ ይመጣል። ከወገብህ በላይ ራቁትህን ትነሳና በሩ ላይ ትልቅ አድርገን እንሰቅልሃለን።»

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አይሻልም?»

«ማን ይሁን? እኔ ይሄን ቦርጬን ይዤ ልነሳ?» ብሎ ሳቀ። ብረቱም አብሮ ሳቀ። ሌላ ምን ያደርጋል?

የዚያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ ታላቅ እህቱ ስፌት ላይ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አብረው ነው የሚኖሩት። ራቁቱን ከሚነሳ ጡቱን ጨፍልቃ የምትይዝ ጠባብ ካናቴራ ለብሶ ለመነሳት አስቦ አንዱን አቀበላት።

«እታለም፣ ይቺን ደረቷ ላይ አጥብቢልኝ። ጥብቅ ትበል።»

«ና ልለካህ።»

«ሳትለኪ አጥብቢው።»

«ሳልለካ የሰፋሁት ልብስ የለም» ብላ ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ ሳብ ስታደርገው ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሜትሩን ለቀቀችው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ደረት ስትለካ ኖራለች፤ እጇ ያገኘውን አውቋል።

«መቼ ጀመረህ?» አለችው ቀስ ብላ።

ሁሉንም ነገራት። ሲጨርስ፣ «በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት። ምን ብዬ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ?» አላት።

«በገዛ እጁ እግሩን የሰበረ ሰው አይታከምም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ነገ እኔና አንተ እንሄዳለን።»

ሐኪሟ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ደረቱን ዳሰሱ፣ ደሙን አስመረመሩ። ረቡዕ ውጤቱ ደረሰ።

«የምትወጋው ነገር ሰውነትህ ውስጥ ገብቶ ከፊሉ ወደ ሴት ሆርሞን ይለወጣል፤ ጡቱን ያሳደገው እሱ ነው» አሉት። «መጀመሪያ እንዳመመህ ብትመጣ በመድኃኒት ሊመለስ ይችል ነበር። አሁን ጠንክሯል። የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። መርፌውን ካላቆምክ ግን ብናወጣውም ተመልሶ ያድጋል።»

«ካቆምኩማ እከሳለሁ።»

«ትከሳለህ። ይደክምሃል፣ ይከፋህማል። እዚሁ እየመጣህ እንከታተልሃለን።»

ለቀዶ ሕክምናው ተራ ያዙለት፤ ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የጂሙ ባለቤት ቢሮ ገብቶ በሩን ዘግቶ ነገረው። ሰውየው ተነስቶ በሩ መዘጋቱን አረጋገጠ።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«እህቴ።»

«በዚያው ይብቃ። ሰው ከሰማ ጂሙ አለቀለት። ከጀርባህ ትነሳለህ።»

ከጀርባው ተነሳ። አሁን ያ ሰፊ ጀርባ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱን አይተው የሚመዘገቡ በዝተዋል። ብረቱ ግን መርፌውን ካቆመ አራተኛ ወሩ ነው። ሕመሙ ቀንሷል፣ እብጠቱ እንዳለ ነው። ጠዋት ከአልጋው ለመነሳት ይታገላል። በፋሻው ፈንታ እህቱ ከለስላሳ ጨርቅ የሰፋችለትን የውስጥ ካናቴራ ይለብሳል፤ ቆዳው ድኗል። አንዳንድ አዲስ ሠልጣኝ ፎቶውንና እሱን እያስተያየ «ወንድምህ ነው?» ይለዋል።

ባለፈው ሳምንት እዚያው የሚሠለጥን አንድ የታክሲ ሹፌር ጠጋ ብሎ፣ «ብረቱ፣ መርፌ ልጀምር ነው። እውነቱን ንገረኝ፣ የትኛው ይሻላል?» አለው።

ብረቱ በመስታወቱ ውስጥ የጂሙን ባለቤት አየው፤ እሱም እያየው ነው። ሹፌሩን ክንዱን ይዞ ወደ ደረጃው አወጣው። ሹራቡን እስከ አንገቱ ገለበ።

ሹፌሩ አየና ዐይኑን ሰበረ። «ያማል?»

«አሁን እንኳ ተሽሎኛል። ለቀዶ ሕክምናው አራት ወር ይቀረኛል።»

ሹፌሩ ቦርሳውን አነሳ። ደረጃውን ወረደ፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣም። መርፌውን ይተወው፣ ወይ ሌላ ጂም ይሂድ፣ ብረቱ አያውቅም። ሹራቡን አስተካክሎ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ የአሥር ሰዓት ሠልጣኞች ገብተው እየጠበቁት ነበር።